ከብረቱ ጀርባ ያለፉ አርባ ደቂቃዎች

ቮስሎሩስ ውስጥ ስለ እኔ የሚወራ አንድ ጥሩ ወሬ አለ። ወሬው ግማሹ እውነት ነው። የቀረውን ግማሽ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከዓመት በላይም ዋጥ አድርጌ ይዤው ኖሬያለሁ። አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ሁለቱንም ግማሽ እነግራችኋለሁ። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ያን ጊዜ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ። ደረጀ እባላለሁ፤ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ጆሃንስበርግ ከገባሁ አምስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ከአምስቱ አራቱን ያሳለፍኩት ቮስሎሩስ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ አራት በሦስት በሆነች አንዲት ሱቅ ነው። እዚህ ስፓዛ ይሏታል። ዳቦ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ የስልክ ካርድ፤ እንደኛ አገር የሰፈር ሱቅ ማለት ናት። ቀን እነግድባታለሁ፣ ማታ እተኛባታለሁ። ሱቋ የእኔና የማርቆስ ናት። ማርቆስ የአጎቴ ልጅ ነው፤ በአሥር ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። ዱርንፎንቴን ባለው ጸሎት ቤት ሽማግሌ ነው፤ ኳስ የሚባል ነገር በሙሉ ለእሱ የዚህ ዓለም ከንቱ ነገር ነው። እኔ ደግሞ ኳስ ካላየሁ ምግብ አይወርድልኝም።

ኳስ ስል እግር ኳስ እንዳይመስላችሁ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። እኔ የቤዝቦል ደጋፊ ነኝ። አዎ፣ አሜሪካኖች በዱላ የሚመቱት። ቤሪያ ሰፈር የሚኖሩት ጓደኞቼ «ደሬ እኮ ገና ይጫወታል፣ ያውም በስልክ» እያሉ ይሥቁብኛል። ይሣቁ። እኔም መጀመሪያ ሳየው ሥቄያለሁ።

ይህን በሽታ ያስያዙኝ ባባ ሞሎይ ናቸው። የግቢው ባለቤት ናቸው፤ እኛ የተከራየነው የመኪና ማቆሚያቸውን ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ሚስታቸው ሞተው፣ አንዲት ልጃቸው ታንዲ ኬፕታውን ሄዳ፣ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በጉልበታቸው ዘመን የሰፈሩን ልጆች ቤዝቦል ያሠለጥኑ ነበር። ከሰዓት በኋላ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው መስኮታችን ሥር ይቀመጡና፣ በብረቱ መካከል እያዩኝ በእንግሊዝኛና በዙሉ ቅልቅል ያስተምሩኛል። ወርዋሪው ለምን እንደዚያ እግሩን እንደሚያነሣ፣ ከኋላ ቁጢጥ ያለው ተቀባይ በጣቱ ምን እንደሚነግረው። ቡድን የመረጡልኝም እሳቸው ናቸው። ስሙን አልነግራችሁም፤ ሁልጊዜ ስለሚሸነፍ ያሳፍረኛል።

እኔና ባባ ሞሎይ ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቃት አንዲት ወቅት ነበረች። የካቲት ላይ የአሜሪካ ቡድኖች ሞቃት አገር ሄደው ልምምድ ይጀምራሉ። የፀደይ ልምምድ ይሉታል። ዋናው ውድድር እዚህ የሚታየው ሰው ሁሉ ተኝቶ ስለሆነ፣ ነቅተን የምናየው ይህንኑ ብቻ ነው። ግጥሚያ እንኳ አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ ወንዶች ሁለት ሁለት ሆነው ኳስ ሲወራወሩ ነው የሚያሳዩት። ማርቆስ አንድ ጊዜ ከኋላዬ ቆሞ ካየ በኋላ «ይኼን ነው የምታየው?» ብሎኝ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ግን ያን ጊዜ ማንም አልተሸነፈም። ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው የኔ ቡድን እንኳ ከሁሉም እኩል ነው። እንደኔ ያለ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ነገር ያልሞላለት ሰው ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚጥመው ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኮሮና ሲመጣ ልምምዱ በመሃል ተቋርጦ ነበር። ወዲያው እኛንም ቤታችሁ ግቡ አሉን። እኔ እንኳ ድሮም ውስጥ ነኝ። ለውጡ አልታወቀኝም ብል ማጋነን አይደለም።

አሁን ስለ ቁልፉ ልንገራችሁ፤ ሁሉም ነገር የመጣው ከእሱ ነውና።

አሁን ከምነግራችሁ ቀን ስምንት ወር በፊት ተዘርፈን ነበር። ሦስት ሰዎች ማስክ አድርገው መጡ። በዚያ ሰሞን ሌባውም ሕግ አክባሪውም ማስክ አድራጊ ስለነበር ማንም አልጠረጠራቸውም። ሽጉጡን በመስኮቱ አስገብተው «ክፈት» አሉኝ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር፤ ከፈትኩ። ከማስኩ በላይ የአንዱን ዓይን አየሁ። ማዶ መኪና የሚያጥበውና ብረት የሚበይደው የስቡ ዓይን መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው፤ ያን ጊዜ ግን እምላለሁ ባይ ነበርኩ።

ማርቆስ ከዚያ በኋላ የብዙ ወንድሞችን ሱቅ አይቶ አንድ ሥርዓት አመጣ። በሩን ድርብ ብረት አስደረግነው። ጣራውን ከውስጥ በብረት ዘንግ ሸነሸንነው። ቁልፍ ደግሞ ውስጥ ያለው ሰው ጋ አይሆንም ተባለ። ዕቃ ሊያመጣ የሚሄደው ከውጭ በሁለት ጓጉንቸር ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል። ሌባ መጥቶ «ክፈት» ቢለኝ፣ «እኔም ተቆልፎብኛል» እለዋለሁ። እውነቱን ነው፤ ሌባም የሌለኝን ሊወስድ አይችልም። ሽያጩ የሚካሄደው ዳቦ በምታሳልፍ አንዲት ቀዳዳ ነው። ሁለታችንም በዚህ ብልሃት በጣም ኮርተን ነበር።

ያ ቀን የልምምዱ መጀመሪያ ነበር። ማርቆስ ጠዋት በአንድ ሰዓት ቆልፎብኝ ወደ ከተማ ሄደ። «እስከ ስምንት እመለሳለሁ» አለኝ። ስምንት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ፣ አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። የጆሃንስበርግ የበጋ ዝናብ አመጣጡን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮው ላይ ሲመታ አጠገብህ ያለውን ሰው አያሰማህም። መንገዱ ጭር አለ።

ባባ ሞሎይ ካፖርታቸውን ደርበው መጡ። ከመስኮቱ በላይ ትንሽ ጥላ አለች፤ ሣጥናቸውን እሷ ሥር አስጠግተው ተቀመጡ። ማስካቸው አገጫቸው ላይ ነው። ሳላቸውን በዝናቡ መሃል እንኳ ሰምቼዋለሁ።

«ባባ፣ ይህ ሳል መቼ ጀመረዎት?»

«ብርድ ነው።»

«ክሊኒክ ይሂዱ እንጂ።»

«ነገ። ዛሬ ልምምድ ነው።»

ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬን ብረቱ ላይ አስደግፌ ከፈትኩት። አረንጓዴ ሜዳ፣ ፀሐይ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚወራወሩ ሰዎች። ባባ ሞሎይ ድምፁን ጨምር አሉኝ። ኳስ ጓንት ውስጥ ስትገባ የምታሰማውን ድምፅ ነው የሚወዱት። በዚያ ዝናብ ምንም ባይሰማም ጨመርኩላቸው።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ዝም አሉ። እሳቸው ኳስ እያዩ ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም። ቀና ብዬ ሳይ ጀርባቸው ግድግዳውን ይዞ ወደ ታች እየተንሸራተተ ነው። ከሣጥኑ ላይ ወርደው እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጡ። አፋቸው ተከፍቶ አየር ይፈልጋሉ። ከንፈራቸው መልኩን ለውጧል።

ክንዴን በቀዳዳዋ እስከ ትከሻዬ አሾልኬ እጃቸውን ያዝኩ። ከዚያ በላይ አልደርስም። ሌላው አካሌ በሙሉ ውስጥ ነው።

«ባባ፣ ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል። አትጩኽ» አሉኝ።

አንባቢዎቼ፣ ግማሹ ወሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሰው የሚያውቀው እንዲህ ነው፦ ሽማግሌው ወደቁ፣ ደረጀ ጮኸ፣ ስቡ መጣ፣ በሩ ተሰበረ። እኔ የስልኬ ሰዓት ፊት ለፊቴ ነበር። ባባ ሞሎይ የወደቁት አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ስቡን የጠራሁት ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ ነው።

በግቢው በር ክፍተት በኩል ማዶ ያለው ቆርቆሮ ጥላ ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር። ስቡና ሁለት ጓደኞቹ ዝናቡን ተጠልለው ቆመዋል። ከኋላቸው ብረት የሚቆርጡበት ግራይንደር ተንጠልጥሏል። የኔን በር ሊከፍት የሚችል አንድ ነገር በዚያ መንገድ ላይ ቢኖር እሱ ነው። ያየሁት ወዲያው ነው፤ ባባ ሞሎይ መሬት እንደነኩ።

አልጠራሁትም።

ምን አስቤ እንደነበር ልንገራችሁ። ማርቆስ የለም። ያለን ንብረት በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው። ስቡ ዘርፎኛል ብዬ አምናለሁ። ባለፈው እኔ ከፈትኩላቸው፤ አሁን ደግሞ ና ስበር ብዬ ልጠራቸው ነው? ማርቆስን ምን እለዋለሁ? በአንድ በኩል ይህን እያሰብኩ በሌላ በኩል የባባ ሞሎይን እጅ ይዣለሁ። ሰው ሁለቱን አብሮ ማድረግ እንደሚችል ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

አምቡላንስ ደወልኩ። መስመሩ ደጋግሞ ተያዘ። በስንት መከራ አንዲት ሴት አነሣች።

«መኪኖቹ በሙሉ ወጥተዋል፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በግል መኪና ልታመጣው ትችላለህ?»

«አልችልም፤ ተቆልፎብኛል።»

«ማነው የቆለፈብህ?»

«የአጎቴ ልጅ።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፖሊስ ጋ ላስተላልፍህ?»

«ኧረ አይደለም፣ በፈቃዴ ነው» አልኳት። እንዲህ ብዬ ሳወራ ራሴን ሰማሁት።

ማርቆስን ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ዝግ ነው። ባባ ሞሎይ ለመከላከያ የሰጡኝ አሮጌ የአሉሚኒየም የቤዝቦል ዱላ ነበረኝ፤ እጃቸውን ለቅቄ በሩን በእሱ ደበደብኩት። ማጠፊያውን፣ መሃሉን፣ ታችኛውን ጥግ። ዱላው ጎበጠ፣ መዳፌ ደማ፣ በሩ ግን ምንም አልሆነም። ጥሩ ብረት ነበር። ይህን ሁሉ ማድረጌ እውነት ነው። ግን ይህን ሁሉ ያደረግኩት ስቡን ላለመጥራት ነው።

ተመልሼ እጃቸውን ያዝኩ። ትንሽ ውኃ በቆርኪ አቀበልኳቸው።

«ስቡ የለም ወይ?» አሉኝ። ፊታቸው ወደ ቤታቸው ስለነበር የግቢው በር አይታያቸውም። «እሱ በሩን ይቆርጥልሃል። ጥራው።»

«የለም ባባ። ዝናብ ስለሆነ ዘግተው ሄደዋል።»

አንባቢዎቼ፣ ይህን መጻፍ አልፈልግም ነበር። ግን ብዬዋለሁ።

«እሺ» አሉ። አመኑኝ። ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል ማውራት ጀመሩ፤ ሁለት ሦስት ቃል ይሉና አየር ይፈልጋሉ። ልምምዱን መልሼ ከፍቼ ወደ እሳቸው ባዘነበልኩት ስልክ ላይ ያለውን ወጣት ተቀባይ በዓይናቸው አሳዩኝ።

«ታንዲ... ከዚህ ልጅ ትሻል ነበር።»

«ታንዲ ትጫወት ነበር?» አልኩ። ሰምቼ አላውቅም።

«ተቀባይ ነበረች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እንደሷ ያለ እጅ... ከዚያ ወዲህ አላየሁም።»

ቀስ ብለው፣ እያረፉ ነገሩኝ። ቡድናቸው ብሉምፎንቴን ለውድድር ተጠርቶ ነበር። ሌሎቹ ልጆች በሙሉ ወንዶች ናቸው፤ አባቶቻቸው መጥተው ሴት ልጅ አብራ አታድርም አሉ። ባባ ሞሎይ አልተከራከሩም። በሚሄዱበት ጠዋት ታንዲ ጓንቷን ይዛ በር ላይ ስትጠብቅ፣ አውቶቡሱ ሞልቷል፣ ቦታ የለም አሏት። ከዚያ ቀን በኋላ ጓንት አላነሣችም። ሃያ ስምንት ዓመት ሆነው።

«አልሞላም ነበር» አሉኝ። «ስትደውል ስለ አየሩ ነው የምናወራው። ኬፕታውን ንፋስ ነው፣ እዚህ ዝናብ ነው። በየሳምንቱ ልነግራት እልና ስለ አየሩ አወራለሁ።»

«ሲሻልዎት ይነግሯታል» አልኩ።

«አንተ ንገራት። አውቶቡሱ አልሞላም ነበር በላት።»

ጣታቸው እጄ ውስጥ ላላ። ሰውነቴን በሙሉ ብረቱ ላይ ጫንኩ፤ ዓይናቸው ክፍት ነው፣ ግን ወደ እኔ አይደለም። ያን ጊዜ ሱቁም፣ ማርቆስም፣ ያ ሽጉጥም ከራሴ ውስጥ ወጡ። «ስቡ!» ብዬ ጮኽኩ። «ስቡ! ና በሩን ስበር!»

በዝናቡ ውስጥ አንዴ ጠርቼው ሰማ። ሦስቱም ሮጠው መጡ። ስቡ ባባ ሞሎይን አይቶ ተንበረከከ፣ ጆሮውን ደረታቸው ላይ አደረገ። ማስኩን እንኳ አላስታወሰም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

«አሁን» አልኩት።

ተመልሶ ሮጦ ግራይንደሩን አመጣ። የኤሌክትሪክ ማራዘሚያውን በቀዳዳዋ አቀበለኝና ከሱቄ ሶኬት ሰካሁለት። የገዛ ሱቄ በር በገዛ መብራቴ ሲቆረጥ ከውስጥ ቆሜ አየሁ። ሁለት ጓጉንቸር፣ አራት ደቂቃ አልፈጀም። ያን ሁሉ ወር የኮራንበት ነገር አራት ደቂቃ ነው።

ስቡ ሊያጥባት የተቀበላት የሰው መኪና ነበረች፤ በእሷ ጫንናቸው። ሱቁን ወለል እንዳለ ትቼ ከኋላ ወንበር ገባሁና ጭንቅላታቸውን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ማንም ስለ ሱቁ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ሆስፒታሉ በር ላይ የጠፈር ሰው የመሰሉ ሠራተኞች በተሽከርካሪ አልጋ ወሰዷቸው። ከዚህ ወዲያ ማንም አይገባም ተባልን።

ስንመለስ ከስቡ ጓደኞች አንዱ ሱቄ በር ላይ ቁጭ ብሏል። ከውስጥ ሲጋራውና ጥቂት ካርቶን ዘይት ጎድሏል፤ ሌላው እንዳለ አለ። ማን እንደወሰደው አላውቅም። ያን ጊዜ የዘረፈኝ ስቡ ይሁን አይሁንም እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄው አላውቅም፤ የመጠየቅ ፊት የለኝም። ማርቆስ በማግሥቱ ጠዋት መጣ። የስደተኛ ወረቀት የሚታደስበት ቢሮ በበሽታው ተዘግቶ ስለከረመ ወረቀቱ ጊዜው አልፎ ነበር፤ መንገድ ላይ ፍተሻ ይዞት ፖሊስ ጣቢያ አድሯል። የተቆረጠውን በር አየና ተቀመጠ። ከነገርኩት በኋላ «ሱቅ ይተካል» አለ። አርባ ደቂቃ ሙሉ የፈራሁት ሰው ይኼ ነው።

ባባ ሞሎይ በአራተኛው ቀን ሞቱ። መናገር አልቻሉም ነበር።

ታንዲ ለቀብሩ መጣች። አባቷ ይቀመጡባት በነበረችው ቦታ ቆማ በመስኮቱ አናገረችኝ። ረጅም ሴት ናት፤ እጆቿ ትልልቅ ናቸው። ከጓንቱ ወሬ በኋላ እጆቿን ሳላይ መቅረት አልቻልኩም።

«ሐኪሙ፣ አባትሽ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ጥሩ ነበር አለኝ» አለች። «ሲወድቅ ወዲያው ነው ያያችሁት?»

«ወዲያው» አልኩ።

«የተናገረው ነገር ነበር?»

እዚህ ጋ ቆሜ ብዙ አስቤያለሁ። የአውቶቡሱን ነገር ብነግራት፣ ያን ሁሉ ለማውራት ጊዜ ከየት መጣ ትላለች። ሰው ወዲያው ከተነሣ ያን ሁሉ አያወራም።

«ምንም» አልኩ። «ድንገት ነው የሆነው።»

አመሰገነችኝ። በብረቱ መካከል እጄን ጨበጠች። መላው መንገድ አመሰገነኝ፤ ሱቁን ትቶ ሽማግሌውን ያነሣ ሐበሻ ተባልኩ። ማርቆስ ጸሎት ቤት ወስዶ ምስክርነት አሰጠኝ። በሁለት ሜትር ርቀት ከተቀመጡ ወንድሞችና እኅቶች ፊት ማይክ ይዤ ግማሹን ተናገርኩ። አለቀሱ። እልል ተባለ። የሱቁ በር ከዚያ ወዲህ ከውስጥ ነው የሚቆለፈው፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ግን እመኑኝ፣ እንደዚያ ዓመት ተቆልፎብኝ አያውቅም። ታንዲ በየወሩ ስለ ቤቱ ትደውላለች። እኔ ስለ አየሩ እጠይቃታለሁ።

የሚቀጥለው ዓመት ልምምድ ሲጀመር እነግራታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ያ ዓመት ደግሞ የቡድን ባለቤቶቹና ተጫዋቾቹ ተጣልተው ሜዳዎቹ ተዘጉ። የካቲት አለፈ፣ ልምምድ የለም። አንድ የቤዝቦል ደጋፊ ልምምድ በመቅረቱ ደስ ይለዋል? እኔን ደስ አለኝ። በየቀኑ ስልኬን ከፍቼ ዛሬም እንዳልታረቁ ሳይ እፎይ እል ነበር። መጋቢት ላይ ታረቁ። በማግሥቱ ሜዳው ታየ፤ ወንዶች ሁለት ሁለት ሆነው ይወራወራሉ። ከሱቁ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆሜ ደወልኩላት።

አርባውንም ደቂቃ ነገርኳት። ስቡን እንዳየሁት፣ እንዳልጠራሁት፣ አባቷ ጥራው ሲሉኝ የለም እንዳልኳቸው። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ስልኩ የተዘጋ መሰለኝ።

«አለሽ?» አልኩ።

«አለሁ።» ድምፅዋ ደርቋል። «አሁን ምን እንድልህ ነው የምትፈልገው?»

«ምንም። መልእክት ስላለብኝ ነው። እጃቸውን ይዤ ሳለሁ፣ አውቶቡሱ አልሞላም ነበር በላት ብለውኛል።»

ከሩቅ የኬፕታውን ንፋስ ይሰማኛል።

«አውቃለሁ» አለች። «ሲያልፍ በመስኮቱ ቆጥሬያለሁ። ሦስት ወንበር ባዶ ነበር። አባቴ እስኪነግረኝ ነበር የምጠብቀው።»